ጨዋ ማን ነው? በዲከንስ ልብ ወለድ ውስጥ ስለ እጅና ስለ ሀፍረት

እንደምን አመሻችሁ? በዚህ ዝናብ መጥታችሁ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ መጽሐፍ ነው። የቻርልስ ዲከንስ «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ»። ከዲሴምበር 1860 እስከ ኦገስት 1861 ድረስ፣ ዲከንስ ራሱ ያዘጋጀው በነበረ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ በተከታታይ ወጣ። ሰው በየሳምንቱ እየገዛ፣ ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን እያለ ነው ያነበበው። የምጠራቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ወደ እኛ አቆጣጠር ስመጣ እነግራችኋለሁ።

ርዕሱን «ታላላቅ ተስፋዎች» ብለን ልንተረጉመው እንችላለን። ልክ ነው። ግን በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ አንድ ወጣት «ኤክስፔክቴሽን አለው» ከተባለ፣ ሰሚው የሚረዳው ገንዘብ ነው። ውርስ ይጠብቃል፣ አንድ ቀን ሀብት ይደርሰዋል ማለት ነው። ተስፋውና ገንዘቡ በአንድ ቃል ውስጥ ተቋጥረዋል።

ያላነበባችሁት ካላችሁ ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ። ፒፕ እናትና አባቱ የሞቱበት ልጅ ነው። በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ኬንት ውስጥ፣ ረግረግ ዳር ባለ መንደር ይኖራል። የምታሳድገው ታላቅ እህቱ ናት። ባሏ ጆ ጋርጀሪ ብረት ቀጥቃጭ ነው። ፒፕም ሲያድግ የጆን ሙያ ሊማር ታስቧል። በአንድ የገና ዋዜማ፣ ከእስር ቤት መርከብ ያመለጠ እስረኛ መቃብር ቦታ ላይ ያገኘውና ያስፈራራዋል። ልጁ ምግብና ሞረድ ከቤት ሰርቆ ያመጣለታል። ከዓመታት በኋላ፣ ስሙ እንዲነገር የማይፈልግ ሰው ለፒፕ ሀብት ይመድብለታል። ሎንዶን ሄዶ «ጀንትልማን» እንዲሆን።

ጀንትልማንን በአማርኛ ምን እንበለው? እኔ «ጨዋ» እላለሁ። ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም። ጨዋ ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። ጠባዩ የታረመ፣ ሰው የሚያከብር ሰው ጨዋ ነው። «የጨዋ ልጅ» ስንል ግን ነገሩ ወደ ዘር፣ ወደ ቤት ይሄዳል። እንግሊዝኛውም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። ፒፕ አንዱን ፊት ሊያገኝ ሲሮጥ ሌላኛውን ይጥላል። መጽሐፉ የዚያ ሩጫ ታሪክ ነው።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የመደብን አጥር የሚጠብቀው ዘበኛ ሀፍረት ነው። ሀፍረቱ የሚገባው ደግሞ በእጅ በኩል ነው። ስለዚህ እጅ እጁን እያየን እንሂድ።

ፒፕ ገና ልጅ ሳለ ሚስ ሃቪሻም ወደምትባል ሀብታም ሴት ቤት ይወሰዳል። በሠርጓ ዕለት ሙሽራው የከዳት ሴት ናት። ሰዓቶቹን ሁሉ አስቁማለች። የሙሽራ ልብሷን አላወለቀችም። ኬኩ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ በስብሷል። ያሳደገቻት ኤስቴላ የምትባል ቆንጆ ልጅ አለች። ሁለቱን ልጆች ካርታ ተጫወቱ ትላቸዋለች።

ጨዋታው ገና ሳያልቅ ኤስቴላ ትንቀዋለች። ኔቭ የሚባለውን የካርታ ሥዕል ይሄ ልጅ ጃክ ይላል፣ ትላለች። ከዚያ እጆቹ ምን ያህል ሻካራ እንደሆኑ ትናገራለች። ጫማው ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ። በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ የካርታ ስም፣ እጅ፣ ጫማ። «ኔቭ» የሚለው ቃል ድሮ አሽከር፣ ብላቴና ማለት ነበር። ካርታው ላይ የተሳለው አሽከር እንኳ ትክክለኛ አጠራር አለው። አጠራሩን የሚያውቀው አሽከር የሚያሳድር ቤት ነው።

ፒፕ ግቢው ውስጥ ብቻውን ሲቀር መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር እጆቹን ማየት ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ እጆቹ አሳስበውት አያውቁም ነበር። አሁን አሳሰቡት። ቀጥሎ የሚያስበውን ስሙ። ጆ ካርታውን ጃክ ብሎ ባያስተምረኝ ኖሮ፣ ጆ ራሱ በተሻለ ቤት ቢያድግ ኖሮ፣ እኔም እንዲህ አልሆንም ነበር ይላል። ሀፍረቱ ከራሱ እጅ ወደ ጆ ለመሻገር ጥቂት ደቂቃ አልፈጀበትም። ጆ በዓለም ላይ ከማንም በላይ የሚወደው ሰው ነው። ያቺ ልጅ ጆን አታውቀውም። አላየችውም። ፒፕ ግን ገና ባላየችው ሰው ያፍርላታል።

ከዚያ ኤስቴላ ዳቦ፣ ሥጋና ትንሽ ቢራ ታመጣለታለች። ቢራውን ድንጋዩ ላይ ታስቀምጣለች። ፊቱን ሳታይ ትሰጠዋለች፣ ለተቀጣ ውሻ እንደሚሰጥ።

ውሻ የሚለውን ያዙልኝ። ጥቂት ምዕራፎች ወደ ኋላ ብንመለስ፣ ያ ያመለጠው እስረኛ ፒፕ ያመጣለትን ምግብ ሲበላ እናገኘዋለን። ሰው እንዳይነጥቀው ግራ ቀኝ እያየ ይጎርሳል። ፒፕ ልክ እንደ ቤታችን ውሻ ነው የሚበላው ይላል። ግን ልጁ አልናቀውም። አዘነለት። ፈራ ተባ እያለ «ምግቡን ስለወደዱት ደስ ብሎኛል» አለው። የሰባት ዓመት ገደማ ልጅ፣ በእግሩ ላይ ብረት ላለበት ሰው። እኔ እንደማየው በመጽሐፉ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ጨዋ ንግግር የለም። ፒፕ ገና ድሃ ሳለ፣ ሻካራ እጁን ሳያፍርበት የተናገረው ነው።

የሚስ ሃቪሻም ሀብት ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? ከቢራ ነው። አባቷ ቢራ ጠማቂ ነበር። መጥመቂያው ከቤቱ አጠገብ ባዶውን ቆሟል። በኋላ ሎንዶን ውስጥ ኸርበርት ፖኬት የሚባል ደግ ወጣት ይህን ለፒፕ ያስረዳዋል። ዳቦ ጋግረህ ጨዋ ልትሆን አትችልም ይለዋል። ቢራ ጠምቀህ ግን ትችላለህ። ለምን እንደሆነ እሱም አይገባውም። ጨዋ ሰው መጠጥ ቤት አይከፍትም፤ መጠጥ ቤት ግን ጨዋ ሰውን ሊያኖር ይችላል። ዳቦና ቢራ ሁለቱም ከእህል ነው የሚሠሩት። ልዩነቱ ጌታው ከቡኮው ምን ያህል ይርቃል የሚለው ላይ ነው። ዳቦ ጋጋሪው እጁ ሊጥ ውስጥ ነው። የቢራ ባለቤቱ እጁ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ኸርበርት በዚያው ራት ላይ ፒፕን ገበታ ያስተምረዋል። ቢላዋ አፍ ውስጥ አይገባም ይለዋል። ናፕኪን ብርጭቆ ውስጥ አይከተትም። ሲነግረው ግን ወሬውን ሳያቋርጥ፣ በጎን፣ እንዳያፍር ተጠንቅቆ ነው። ኤስቴላ የነገረችውና ኸርበርት የነገረው ከሞላ ጎደል ያው አንድ ዓይነት እውቀት ነው። አንዷ አቆሰለችው፣ አንዱ ወዳጅ ሆነው። የኸርበርት አባት አንድ እምነት አለው። በልቡ ጨዋ ያልሆነ ሰው በአኳኋኑ ጨዋ ሆኖ አያውቅም። እንጨትን ቫርኒሽ ብትቀቡት ቫርኒሹ በበዛ ቁጥር የእንጨቱ መስመር ጎልቶ ይወጣል።

ዲከንስ ይህን ሀፍረት ከየት አመጣው? ከራሱ ነው። በ1824 አባቱ በዕዳ ምክንያት ማርሻልሲ በሚባለው የሎንዶን እስር ቤት ታሰረ። ቻርልስ 12 ዓመቱ ነበር። ቴምዝ ወንዝ ዳር የጫማ ቀለም ፋብሪካ ገብቶ በሳምንት 6 ሺሊንግ እየተከፈለው ሠራ። ሥራው የቀለም ማሰሮዎችን አፍ በወረቀት መሸፈን፣ በገመድ ማሰርና ምልክት መለጠፍ ነበር። የእጅ ሥራ። በኋላ በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ሁሉ ስሙ ሲጠራ እንኳ ያንን ፋብሪካ ደብቆ ኖረ። ለቅርብ ወዳጁ ለጆን ፎርስተር ነግሮታል። ሕዝብ ያወቀው ግን ፎርስተር የሕይወት ታሪኩን ማሳተም ሲጀምር ነው፤ በዚያን ጊዜ ዲከንስ ሞቷል። የሞተው በ1870 ነው። ስለ ድሆች እንደሱ የጮኸ ጸሐፊ በዘመኑ ጥቂት ነው። እሱም ቢሆን የገዛ እጁን ታሪክ አደባባይ ማውጣት አልቻለም። ፒፕን ስንፈርድበት ይህን ብናስታውስ ጥሩ ነው።

ገንዘቡ ሲመጣ የመንደሩ ሰው እንዴት እንደሚለወጥ ቶሎ ልለፈው፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልብስ ሰፊው ሚስተር ትራብ ቁርሱን እየበላ ችላ ብሎት ነበር። ገንዘብ መምጣቱን ሲሰማ ተነሥቶ ቆመ። ሲያንቋሽሸው የኖረው ነጋዴ ፓምብልቹክ ደግሞ እጁን ደጋግሞ ለመጨበጥ ፈቃድ ይለምነዋል።

አሁን ወደ ልቤ ቦታ ልግባ። ጆ ፒፕን ሊጠይቅ ሎንዶን ይመጣል።

ፒፕ መምጣቱን ሲሰማ ደስ አላለውም። ገንዘብ ከፍዬ ላስቀረው ብችል ኖሮ እከፍል ነበር ይላል። ራሱ ነው የሚነግረን፣ አይደብቀንም። ጆ የክት ልብሱን ለብሶ፣ አንገቱ ድረስ ተቆልፎ ይገባል። ባርኔጣውን ከእጁ አይለቅም። በመጨረሻ ምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያ ጠርዝ ላይ ያስቀምጠዋል። ይወድቃል። ይይዘዋል። እንደገና ይወድቃል። መዶሻ ከወናፍ ጋር አስማምቶ የሚውል ሰው፣ እጁ የማይስተው ሰው፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ባርኔጣ ማስቀመጥ አቃተው። ፒፕ ደግሞ ይበሳጫል።

ከባርኔጣው በላይ የሚያመኝ ግን አጠራሩ ነው። ጆ ፒፕን «ሰር» ይለዋል። የዘመኑ እንግሊዝኛ አንተና እርስዎን አይለይም። ሁሉም «ዩ» ነው። ስለዚህ እንግሊዛዊው ጸሐፊ ርቀቱን ለማሳየት «ሰር» የምትለውን አንዲት ቃል ዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ላይ ያንጠለጥላል። በእኛ ቋንቋ ቢሆን እያንዳንዱ ግስ ነበር የሚለወጠው። በእጁ ያሳደገውን፣ በእሳት ዳር አብሮት የተቀመጠውን ልጅ «እንዴት ሰነበቱ፣ ደህና ነዎት?» ሲለው አስቡት። በእርስዎ ማለት አክብሮት ነው። እዚህ ጋ ግን በር መዝጋት ነው፣ የሚዘጋው ደግሞ ውጭ የቀረው ሰው ነው። ይህን መጽሐፍ በአማርኛ የሚያነብ ሰው እዚህ ቦታ ላይ ከእንግሊዙ አንባቢ የበለጠ ይሰማዋል ብዬ አምናለሁ።

ጆ ሲሰናበት ግን ወደ አንተ ይመለሳል። ሕይወት በብዙ መለያየት ተበይዶ የተሠራ ነው ይለዋል። አንዱ ብረት ቀጥቃጭ ነው፣ አንዱ ወርቅ አንጥረኛ፣ አንዱ መዳብ ሠሪ። መለያየት ይመጣል፣ ሲመጣም መቀበል ነው። ከዚያ እኔ ከብረት ቤቴ ስወጣ ልክ አልሆንም ይላል። እዚያ መጥተህ በመስኮት ብታየኝ፣ በሥራ ልብሴ፣ መዶሻዬን ይዤ፣ ይህን ያህል እንከን አታገኝብኝም። ጆ መበየድን የሚያውቅ ሰው ነው። ስለ መለያየት ሲያወራ እንኳ ቃሉን ከሙያው ያመጣል።

እዚህ ላይ ለእኛ አንባቢ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ብረት ቀጥቃጭ ሲባል እኛ ሌላ ነገር እንሰማለን። በአገራችን ባለ እጅ፣ ጠይብ፣ ቡዳ እየተባለ የተሰደበ ሙያ ነው። በ1900 ዓ.ም.፣ ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ አጼ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ጆን በዚያ ዓይን እንዳናየው። የእንግሊዝ መንደር ቀጥቃጭ የተገለለ ሰው አልነበረም። ከጎረቤቱ ጋር ይበላል፣ ከጎረቤቱ ይጋባል፣ ሁሉም ይፈልገዋል። ጨዋ ግን አይባልም። የፒፕ ሀፍረት የሚያስገርመኝም ለዚህ ነው። የሚያፍርበት ቤት መንደሩ የሚያከብረው ቤት ነበር። ከላይ ያለ አንድ ዓይን አየውና የተከበረው ነገር ረከሰ።

ስለ ቢዲም አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ፒፕን ፊደል ያስቆጠረችው እሷ ናት። ፒፕ ስለ እሷ ሲያወራ እጆቿ ሁልጊዜ ንጹሕ ነበሩ ብሎ ያስመዘግባል። አያችሁ፣ አሁን እጅ ይመረምራል፣ የኤስቴላን ሥራ ይሠራል። ከዚያ ፊት ለፊት፣ አንቺን ልወድ ብችል ኖሮ ጥሩ ነበር ይላታል። እሷም አትችልም ትለዋለች። በመጨረሻ ገንዘቡ ሁሉ ሲያልቅ ሊያገባት ይመለሳል፣ እሺ እንደምትለው እርግጠኛ ሆኖ። የደረሰው በሠርጓ ቀን ነው። የፒፕ እህት ሞታ ነበርና፣ ያገባችው ጆን ነው። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ለእሷ ደስ ይለኛል።

ሎንዶን ውስጥ የፒፕን ገንዘብ የሚያስተዳድረው ጠበቃ ጃገርስ ነው። የሚከራከረው ለወንጀለኞች ነው። ባለጉዳይ በሸኘ ቁጥር እጁን ሽቶ ባለው ሳሙና ይታጠባል። ገንዘባቸውን ይቀበላል፣ ሽታቸውን ያጥባል። ቤቱ ውስጥ ሞሊ የምትባል አገልጋይ አለች። አንድ ምሽት እንግዶቹ ፊት እጇን ይዞ አንጓዋን እንድታሳይ ያስገድዳታል። አንዱ አንጓዋ በጠባሳ የተተለተለ ነው። በነፍስ ግድያ ተከሳ እሱ ነው ነጻ ያወጣት። ቆይቶ ፒፕ የሞሊ ጣቶች ሲንቀሳቀሱ ያያል። ሹራብ እንደምትሠራ ሴት። እነዚያን ጣቶች የት ነው ያየኋቸው ይላል። የኤስቴላ ጣቶች ናቸው። ሞሊ የኤስቴላ እናት ናት። የቀጥቃጩን ልጅ በእጁ የናቀችው እመቤት፣ የራሷ እጅ ከዚያች አገልጋይ የመጣ ነው። እሷ አታውቅም። ማንም አልነገራትም።

አባቷስ? አባቷ ያ እስረኛ ነው፣ ማግዊች። የፒፕ ሀብት ሰጪም እሱ ነው።

ፒፕ 23 ዓመቱ ነው። ሌሊት ነው፣ ማዕበል ነው። አንድ ሽማግሌ ደረጃውን ወጥቶ ሁለት እጁን ይዘረጋለታል። ፒፕ ያን ሁሉ ዓመት ሀብቱን የሰጠችኝ ሚስ ሃቪሻም ናት፣ ለኤስቴላ አጭታኛለች ብሎ ኖሯል። ለካ ወደ አውስትራሊያ ተግዞ፣ በግ ሲጠብቅ፣ በኋላም በግ ሲያረባ የኖረ እስረኛ ነው። ያን የገና ጠዋት የበላውን አልረሳም። እኔ ሸካራ ኑሮ ኖርኩ፣ አንተ ለስላሳ እንድትኖር ይለዋል። ባለ ፈረሶቹ በጎን ሲያልፉ አቧራ ያለብሱት ነበር። እሱ ግን በልቡ፣ እኔ ጨዋ ባልሆን የጨዋ ባለቤት ነኝ ይል ነበር። ማግዊች የፒፕን እጅ ሲስም የፒፕ ደም ይቀዘቅዛል። እባብ እንደነካው ይሸሻል።

ማግዊች ቀድሞ የተፈረደበትን ነገር ይተርካል። ኮምፔሰን ከሚባል አጭበርባሪ ጋር አብሮ ተከሰሰ። ኮምፔሰን ትምህርት ቤት የገባ፣ ፀጉሩ ጥቅልል፣ ነጭ መሐረብ የያዘ ሰው ነው። የወንጀሉ አለቃ እሱ ነበር። ዳኛው ግን ለኮምፔሰን 7 ዓመት፣ ለማግዊች 14 ዓመት ፈረደ። የኮምፔሰን ጠበቃ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ እዩዋቸው አለ፣ አንዱ በደንብ ያደገ፣ አንዱ ክፉኛ ያደገ። ፍርድ ቤቱ ያየው ማስረጃውን ሳይሆን መሐረቡን ነው። ሚስ ሃቪሻምን በሠርጓ ቀን የከዳትም ይኸው ኮምፔሰን ነው። በልብስም በንግግርም ጨዋ የሆነው እሱ ብቻ ነበር።

ማግዊች ካመለጠ በኋላ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታልና፣ ፒፕን ሊያየው ብሎ ሎንዶን መመለሱ በራሱ ሞት ነው። በታሪኩ ዘመን፣ ለዕድሜ ልክ የተጋዘ ሰው ከተመለሰ ይሰቀላል። ሕጉ የቀረው በ1834 ነው። የተፈረደበት ሰው ንብረትም ለዘውዱ ይወረስ ነበር። ፒፕ በጀልባ ሊያስመልጠው ሞክሮ ሳይሆን ይቀራል። ማግዊች ይያዛል፣ ክፉኛ ይቆስላል። ሀብቱ ሁሉ ይሄዳል።

እዚህ ነው ፒፕ የሚለወጠው። 32 ወንዶችና ሴቶች ባንድ ላይ ሞት በተፈረደባቸው ቀን፣ ፒፕ ከተከሳሾቹ አጥር ውጭ ቆሟል። ሕዝቡ ሁሉ እያየ የማግዊችን እጅ ይዟል። ያ ሻካራ እጁን ጓሮ ሄዶ ያየው ልጅ፣ አሁን ሎንዶን ፊት የእስረኛ እጅ ይዞ ይቆማል። ማግዊች ስቅላቱ ሳይደርስ በእስር ቤቱ የሕሙማን ክፍል ሞተ። ከመሞቱ በፊት ፒፕ፣ ልጅህ አለች፣ አልሞተችም፣ እኔም እወዳታለሁ አለው። ማግዊች የፒፕን እጅ በቀስታ ወደ ከንፈሩ አነሣ። ፒፕ አልሸሸም።

ከዚያ ፒፕ ራሱ በጽኑ ታመመ። ያስታመመው ጆ ነው። ፒፕ አቅም ባጣበት ጊዜ ጆ አንተ ይለዋል፣ ያቅፈዋል፣ እንደ ሕፃን ይሸከመዋል። ፒፕ እየጠነከረ ሲሄድ ግን ጆ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይላል። አንድ ጠዋት «ሰር» የምትለው ቃል ተመልሳ መጣች። ፒፕ ሰማት። የእኔ ጥፋት ነው፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩት ይላል። ሊነግረው፣ ይቅርታ ሊለው አሰበ፣ ለነገ አሳደረው። በማግሥቱ ሲነቃ ጆ ሄዷል። አጭር ደብዳቤና የዕዳ ደረሰኝ ትቶለታል። ፒፕ ሊታሰርበት የነበረውን 123 ፓውንድ ከ15 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ጆ ከፍሎታል። በመዶሻ የተገኘ ገንዘብ።

ፒፕ ከኸርበርት ጋር ወደ ምሥራቅ ሄዶ በንግድ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠረ፣ በደመወዙ ኖረ፣ ዕዳውን ከፈለ። ጆንና ቢዲን ሳያይ 11 ዓመት ቆየ። የዲሴምበር ምሽት ነበር ሲመለስ፣ ከጨለመ አንድ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። የድሮውን ማድቤት በር መቀርቀሪያ በእጁ ነካው። በጣም ቀስ ብሎ ስለነካው ማንም አልሰማም። ወደ ውስጥ አየ። ጆ እሳቱ ዳር የድሮ ቦታው ላይ ተቀምጧል፣ ትንሽ ሸብቷል። አጠገቡ፣ የፒፕ የነበረችው ትንሽ በርጩማ ላይ፣ አንድ ሕፃን ልጅ እሳቱን እያየ ተቀምጧል።